ዓባይ ላይ የገደልኩት በሬ

ከመካነ ሰላም ጀምሮ እስከ ዓባይ ገደል አፋፍ ድረስ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ መጽሐፍም ጽፎ በራሱ አቅም የሚያሳትም ሰው ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ወደ እኔ ቤት ይመራችኋል። ሁለተኛ የለም። ቢኖር ኖሮ እስካሁን መጥቶ ይተዋወቀኝ ነበር።

አዲሱ መጽሐፌ ባለፈው ሳምንት ከደሴ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣልኝ። አቀስታ ላይ በረዶ ጥሎበት ነበር፤ ሸራው ደህና ሆኖ አንድም ገጽ አልረጠበም። ማተሚያ ቤት ያገኘሁት ወጣት፣ «አባቴ፣ እነዚህን የአገር ቤት ቃላት ብንቀይራቸውስ? የአዲስ አበባ አንባቢ አይገባውም» ብሎኝ ነበር። «ካልገባው መጥቶ ይጠይቀኝ፤ ቤቴን ሰው ያሳየዋል» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ለማሳተሚያ የሸጥኩት ባሕር ዛፌን ነው። ጎረቤቶቼ «አንዱን በሬ ብትሸጠው አይቀልህም?» አሉኝ። በሬ ሸጬ መጽሐፍ አላሳትምም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አልቀረም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ካርቶኖቹን ከጎተራው ጎን ደረደርኳቸው፤ ከቤቱ ሁሉ ደረቁ ቦታ እሱ ነው። አንዱን ስከፍት የቀለሙ ሽታ ወጣና ከጤፉ ሽታ ጋር ተቀላቀለ። ጤፍ ሽታ አለው ወይ የሚል ከተሜ አይጠፋም። አለው። ደረቅ፣ አቧራ አቧራ የሚል፣ ምላስ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። እዚያው ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ንጉሡ የወረዱበት ዓመት ክረምት፣ ከነጭቃው፣ ከነሰዎቹ መጣብኝ።

ከዚያ በፊት ድርቅ ነበር። ብዙ ስለተወራለት እኔ አላበዛውም። ጎረቤቶቻችን በራቸውን በድንጋይ እየዘጉ ወደ ደሴ መንገድ ገቡ፤ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ታናሽ እህቴን ብርቄን ኩፍኝ ያዛት፤ ሰውነቷ የሚታገልበት አቅም አልነበረውም። ብርቄ ከምትተኛበት መደብ በላይ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ፣ አፉ በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የፍየል ቆዳ ስልቻ ተንጠልጥሎ ነበር።

«እማ፣ ምን አለበት?» አልኳት እናቴን።

«እባብ» አለችኝ። «አባትህ ከዓባይ በረሃ ያመጣው። ተኝቷል። የነካው ሰው ላይ ነው የሚነቃው።»

«ምን ይበላል?»

«እንደኛው ነው። ጾሙን ያድራል።»

አመንኳት። ነፋስ ገብቶ ስልቻው ሲወዛወዝ እባቡ በሕልሙ የሚገላበጥ ይመስለኝ ነበር። «ከዚህ አንሺው፤ ብርቄ ላይ ይወድቅባታል» እያልኩ አለቅስባት ነበር። እናቴ ወደ ላይ አትመለከትም። ብርቄ ካለፈችም በኋላ ስልቻው እዚያው ነበር።

ዝናቡ ተመለሰ። የዘር ጊዜ ደረሰና እናቴ ስልቻውን ስታወርድ እኔ ሮጬ ወጥቼ የድንጋይ ካቡ ላይ ተሰቀልኩ። ጠፍሩን ፈታችው። ጤፍ ወጣ። ነጭ ጤፍ።

«እባቡስ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሄደ» አለች።

በጣም ተናደድኩ። ያን ያህል ጊዜ የፈራሁት ነገር ጤፍ ሆኖ መገኘቱ ስድብ መሰለኝ። ከዚያ ብርቄ ትዝ አለችኝና እናቴን አየኋት። ዘሩን ለአባቴ በእፍኝ እየሰፈረችለት ነበር። አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ስትወድቅ ጣቷን በምራቋ ታረጥብና ታነሣታለች። እኔ ማንም አላስተማረኝም ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ፤ እውነትም ማንም አላስተማረኝም። ውሸት ዘር ሊጠብቅ እንደሚችል ግን ያን ቀን አይቻለሁ።

በሬዎቻችን በድርቁ አልቀው ስለነበር ያረሱልን ጎረቤቶች ናቸው። አንደኛው አያ ይማም ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሲስቁ ከወንዝ ማዶ የሚሰሙ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ከማሳችን ወሰን ማዶ የሚኖሩት እቴ ዘይነባ ናቸው። የእቴ ዘይነባ ባል በድርቁ ጊዜ ከአባቴ ጋር ሥራ ፍለጋ ወደ ዓባይ ወርደው ነበር። አባቴ ንዳድ ይዞት ከመንገድ ተመለሰ። እሳቸው ግን ወደ ጎጃም ሊሻገሩ ውሃው ውስጥ ገቡ። «ሲገባ አይቻለሁ። ማዶ ሲወጣ ግን አላየሁም፤ ጭጋግ ነበር» ይል ነበር አባቴ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው የለም። እቴ ዘይነባ የቀራቸው አንድ በሬ ነው፤ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ግራ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ። ቦቃ ይሉታል። ቦቃንና የአያ ይማምን በሬ አቀናጅተው የመንደሩን መሬት በየተራ አረሱ፤ የኛንም አረሱልን።

ጤፉ በተዘራ ማግስት አባቴን ንዳዱ መልሶ ጣለው። ጤፉ በቀለ፤ አረሙም አብሮ በቀለ። ጤፍ አርማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለጋ ሳለ ከአረሙ ለመለየት ዓይን ይፈልጋል፤ ቁጢጥ ብሎ በጣት መንቀል ነው፤ ወገብ አይቀርም። እንደዚህ ያለ ማሳ ለሁለት ሰው አይሆንም። በደጉ ጊዜ ቢሆን ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። የጠራው ሰው ግን ማብላትና ማጠጣት አለበት። እኛ ቤት ያለው የተቀቀለ ጎመን ነበር። እናቴ በባዶ መሶብ ሰው መጥራት ሞት ሆነባት። እኔና እሷ ብቻ ገባንበት። አባቴ ከተኛበት ሆኖ «የት ደረሳችሁ?» ሲላት «እያለቀ ነው» ትለዋለች። እየጀመርን ነበር። አረሙ ከቀደመን ያ ሁሉ ጊዜ የተጠበቀው ጤፍ፣ ብርቄ ከሥሩ ተኝታ ያልተነካው ጤፍ፣ በከንቱ ይቀራል። ልጅ ብሆንም ይህን አውቅ ነበር።

አፌ ግን ሥራ አይከለክለውም። እያረምኩ ታሪክ ማውራት ጀመርኩ፤ ለእናቴ ድካሟ እንዲቀል ብዬ ነው። ሽፈራው የሚባል ጎረምሳ ፈጠርኩ። የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ በሬውን እየነዳ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሌላ አገር ስለማላውቅ ያስኬድኩት በኛው መንገድ ነው፤ በኛው ምንጭ ውሃ ጠጣ፤ በኛው ወይራ ሥር አረፈ።

«ከዚያስ?» የሚል ድምፅ ከወሰኑ ማዶ መጣ። ቀና ስል እቴ ዘይነባ ማሳቸውን ትተው የወሰን ድንጋዩ ላይ ቆመዋል። «ገደሉ አፋፍ ላይ አቁመኸው ዝም አልክሳ! ከዚያስ?»

«ከዚያ ሆነው አይሰማዎትም፤ ይምጡ» አልኳቸው።

መጡ። በኛ አገር የአረም ሰልፍ ውስጥ የገባ ሰው እጁን አጣጥፎ መቆም ነውር ነው። ቁጢጥ አሉና መንቀል ጀመሩ። በማግስቱ አያ ይማም «ዘይነባን ምን ዋጣት ብዬ ነው» እያሉ መጡ፤ እሳቸውም ነቀሉ። ከዚያ ሌሎች መጡ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ውሃ በቅል ታዞራለች፤ ማንም ከውሃ ሌላ አልጠየቃትም።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ዛሬ መጽሐፌን በምዕራፍ ስከፍል የምጠቀምበት ያንኑ ነው። ታሪኩን ከማሳው ጫፍ ጋር አብሬ አደርሰዋለሁ። ሽፈራው እጁን ወደ ዋሻው ጨለማ ሰደደ፤ አንድ ነገር እጁን ከውስጥ ጭብጥ አድርጎ ያዘው፤ እኛም ጫፍ ደረስን። ተነሥቼ ጉልበቴን አራገፍኩ።

«ምንድን ነው የያዘው?» አሉ አያ ይማም።

«ነገ።»

«ወላሂ ይህ ልጅ ከጨው ነጋዴ ይብሳል! ደምሴ፣ የኔ ጌታ፣ ለኔ ብቻ በጆሮዬ ሹክ በለኝ።»

«አያ ይማም፣ እኔም ገና አላወቅኩትም።»

እውነቴን ነበር። ሰው አላመነኝም።

እንዲህ እያልን «ነገ ደግሞ የኔ ማሳ ነው፤ ሽፈራውን ይዘኸው ና» የሚል በዛ። ታሪኩ ከማሳ ማሳ ተዘዋወረ፤ ሰልፉም ተከተለው። የኛን ላይኛውን ጨርሰን የሌላውን፣ ከዚያ ተመልሰን የኛን ታችኛውን። ያለ እንጀራ፣ ያለ ጠላ ደቦ የጠራ ሰው ከኔ በፊት አልሰማሁም፤ ከኔም በኋላ አልሰማሁም። ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ልጅ ነበርኩ።

ለሽፈራው በሬ መልክ ስሰጠው የማውቀውን ሰጠሁት። ጥቁር፣ ግንባሩ ነጭ፣ ግራ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ። እቴ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ዙሪያቸውን በኩራት ያዩ ነበር። «የኔው እኮ ነው» ይሉ ነበር ላልሰማው ሁሉ።

መስከረም ጠባ። አንድ ቀን አያ ይማም ከመካነ ሰላም ገበያ ሲመለሱ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ ቀጥ ብለው ወደ ማሳው መጡ።

«ንጉሡን ከዙፋን አወረዷቸው! ሬዲዮ ተናገረ!»

ሰልፉ ቀጥ አለ። እናቴ አማተበች፤ አማትባ ስታበቃ ደግሞ «ያረቢ» አለች።

«አውርደው ምን ሊያደርጓቸው ነው?» አሉ እቴ ዘይነባ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«እንግዲያ ልጁ ይጨርስ። ሽፈራው ውሃው ዳር ደርሷል።»

ሌሎቹ ግን አልሰሙም። «የባለመሬቱ ሲሶስ? ዘንድሮም ሊወስድ ነው?» ይላል አንዱ፤ «ማን ሊነግሠን ነው?» ይላል ሌላው። እኔ ንጉሥ ከዙፋን ሲወርድ የመሰለኝ እንደኛ አገር እርቅ ነው። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ንጉሡ ድንጋይ ተሸክመው ጎንበስ ብለው «ማሩኝ» ሲሉ፣ ከዚያ ድንጋዩን ሲያወርዱላቸውና ወደ ቤታቸው ሲገቡ። አላሳዘኑኝም፤ ቅናት ያዘኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሳቸው ነው። ለሽፈራው ጆሮ ያለው ጠፋ።

ስለዚህ በሬውን ገደልኩት።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ሽፈራውን ውሃ ውስጥ አስገባሁት፤ በሬውን አስከተልኩት። ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ አዞ መጣ። በሬው አንዴ ጮኸ። ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ታየ፤ ከዚያ የዞረው ቀንዱ ብቻ ታየ፤ ከዚያ ውሃው ተመልሶ ገጠመ። ንጉሡን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። አያ ይማም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

እቴ ዘይነባ ብድግ አሉ። በእጃቸው የነበረውን አረም መልሰው ማሳችን ላይ በተኑት።

«ያረሰላችሁን በሬ!» አሉ። «ያረሰላችሁን በሬ ገደልከው? አፍህን አላህ ይያዘው!»

ሄዱ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ ቀጥሎ ወንዶቹ። በማግስቱ ጠዋት ቦቃ ሆዱ ተነፍቶ ተኝቷል፣ ሣርም እምቢ ብሏል የሚል ወሬ መጣ። ጤዛ የያዘ ለጋ ሣር በልቶ እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን መንደሩ የሚያውቀው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ የኔ ምላስ። ሰልፍ የሚባል ነገር ቀረ። የታችኛው ማሳችን ገና ነበር፤ አረሙ አበባ ሊይዝ ደርሷል።

እናቴ ድንጋይ ይዛ መጣች። ትልቅ መርጣለች።

«ምን አደረግኩ? ውሸት እኮ ነው!» አልኳት።

«እባቡስ ውሸት አልነበረም?» አለችኝ። «ስንቴ ነው እየጮህክ የነቃኸው?»

ድንጋዩን ተሸከምኩ።

ወይራው ሥር የተቀመጡት አያ ይማምና የመንደሩ ቄስ አባ መላኩ ናቸው። እቴ ዘይነባ ፊት ለፊታቸው፤ እኔ ጎንበስ ብዬ መሐል። ንጉሡም እንዲህ ከብዷቸው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

«በሬው ሞቷል?» አሉ አባ መላኩ።

«የኔው ታሟል። የሞተው የሱ ነው» አሉ እቴ ዘይነባ።

«የሱ በሬ የታለ?»

«የለም።»

«የሌለ በሬ እንዴት ይሞታል?»

«እንዴት እንደሞተማ ሰው ሁሉ ሰምቷል! አያ ይማም ራሳቸው አልቅሰዋል!»

«ዓይኔ አቧራ ገብቶ ነው» አሉ አያ ይማም።

«በዚህ ጭቃ?» አለች እናቴ ከኋላ።

አባ መላኩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«የገደለው ታሪኩ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

«ታሪኩን የሚያወራው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ አንተ ነህ።»

አያ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የምለው፣ በውሸት ከሞተ በውሸት ይነሣላት።»

«ሙት ማስነሣት የእግዚአብሔር ሥራ ነው!» አሉ አባ መላኩ።

«አባ፣ በሬ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ!»

እኔም ከድንጋዩ ሥር ሆኜ «ከሞተ በኋላ ከተነሣ ታሪኩ ይበላሻል» አልኩ። እናቴ ባቴን ቆነጠጠችኝ። በሐሳቤ ግን ዛሬም እስማማለሁ።

እቴ ዘይነባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «እኔ ሙት አንሣ አላልኩህም» አሉ። «ውሃ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው አለ። ሲሞት ያየ ማነው? ማንም የለም። ታዲያ አንተ በምን አውቀህ ነው ሞተ የምትል?»

ስለ በሬው የሚናገሩ መሰለኝ። አያ ይማም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ፤ አባ መላኩም መስቀላቸውን ጨበጡ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ልክ ናቸው። አዞው ሲመጣ ተናግሬአለሁ፤ ቀንዱ ሲሰምጥ ተናግሬአለሁ፤ ሞተ ብዬ ግን አልተናገርኩም። ታሪኬ አልተበላሸም!

«አልሞተም» አልኩ። «ነገ ማሳችን ላይ ይምጡና ይስሙ።»

አያ ይማም «እሰይ!» ብለው ድንጋዩን አወረዱልኝ። በዚያው ወደ ቦቃ ሄደው ቅጠል ቀጥቅጠው አጠጡት፤ ከመንደሩ ዳር እስከ ዳርም ሲያስነዱት አመሹ።

በማግስቱ ሰልፉ ሞላ። ከበፊቱም በዛ፤ ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ የበሬውን ነገር ሊሰማ መጣ። አዞው የያዘው የበሬውን ጠፍር ነበር አልኩ። ጠፍሩ ተበጠሰ። በሬው ከውሃው ሥር ሥር ዋኘ፤ ውሃው ወደ ታች ወሰደው፤ በዚህኛው ዳር ላለ ሰው ጭጋግ ስለነበር አይታይም። ጎጃም ዳር ላይ አፍንጫውን አወጣ። እዚያ አንድ ሰው ውሃ ሊቀዳ ቆሞ ነበር። ቀንዱን ያዘለት። ሰውየው የሽፈራው ወንድም ነው፤ ጤነኛ ነው፤ መመለሻ አጥቶ ነው እንጂ አገሩን አልረሳም።

እቴ ዘይነባ ቀና አላሉም። እጃቸው ግን እንደዚያ ቀን ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። እንባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ እየወረደ ጤፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው ይነቅላሉ። አፌን ዘግቼ ላያቸው ስል «ቀጥል» አሉኝ። «ምን ይልሃል፤ ልብስ አለው?»

«አለው» አልኩ። «ጥሩ ጋቢ።»

የታችኛው ማሳ በዚያው ቀን አለቀ። እናቴ ቤት ገብታ ለአባቴ «አለቀ» አለችው፤ እውነቷን ነበር።

ጤፉ ታጨደ። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቆ፣ ነዶው ተዘርግቶ፣ የሚያበራይ በሬ ግን አልነበረንም። አባቴ በትሩን ተደግፎ ቆሞ ከማን እንደሚለምን ሲያሰላ፣ እቴ ዘይነባ ቦቃን በጠፍሩ እየሳቡ መጡ። ወፍሯል። ጠፍሩን እኔ እጅ ላይ አኖሩት።

«እንካ» አሉ። «የገደልከው በሬ ይኸው፤ ንዳው።»

እስኪመሽ ነዳሁት። የጤፉ አቧራ አፍንጫዬን ሞላው፤ ያ ሽታ ነው ካርቶኑ ላይ ያስቀመጠኝ። በዚያ ዓመት የባለመሬቱ ሰው ሲሶውን ሊወስድ አልመጣም። እናቴ ይመጣል ብላ ለብቻ ከምራ ያስቀመጠችውን መጨረሻ ላይ ለእቴ ዘይነባ ሰጠቻቸው። ስልቻውንም ሞልታ ከቦታው ሰቀለችው። እኔም ለጎረቤት ልጆች እባብ ነው አልኳቸው።

እቴ ዘይነባ እስኪያልፉ ድረስ «ወንድሙስ ደህና ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም ባገኘኋቸው ቁጥር አዲስ ነገር እነግራቸው ነበር። አሁን መጽሐፌን የሚያነብብ አንዳንድ ሰው ዓባይ እንዲህ ደግ አይደለም ይለኛል። ዓባይን ከኔ በላይ የሚያውቅ ይምጣና እንከራከር። በመጽሐፎቼ ውስጥ ሰው ይራባል፤ ንጉሥ ይወርዳል፤ ልጅ በኩፍኝ ያልፋል። ዓባይ ውስጥ የገባ ግን፣ ሰውም ይሁን በሬ፣ ማዶ ይወጣል።